ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ነው ብለው ተራ መስታወት ገጠሙልኝ

ኪችን ካቢኔት ያስገጠማችሁ ወይም ለማስገጠም ቀብድ የከፈላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ መስታወት ቤት እንዳትገቡ። የሆነው ትናንት ማታ ነው። ስብርባሪውን ከምድጃው ሥር ገና ጠርጌ አልጨረስኩም።

ነገሩ የላይኛውና የታችኛው ካቢኔት መሃል ስላለችው ግድግዳ ነው። ዘይት የሚፈናጠርባት፣ ቁሌት የሚረጭባት ቦታ። ሱቆቹ ባክስፕላሽ ይሏታል። ካቢኔቱ ተገጥሞ፣ ግራናይቱ ተነጥፎ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ ሴራሚክ አስለጥፊ ብላኝ ነበር። እኔ ግን የተከራየሁበት ቤት ሴራሚክ ትዝ አለኝ። ሴራሚኩ ራሱ ይጸዳል። በመሃሉ ያለው ነጭ ሲሚንቶ ግን እርድና የበርበሬ ዘይት አንዴ ከጠጣ በቃ፣ በረኪናም አያስለቅቀው። ስድስት ዓመት በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍግ ኖሬያለሁ። መስታወት ደግሞ አንድ ወጥ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ካደረጉት አለቀ። መስታወት መምረጤ ስህተት ነበር አልልም። የመረጥኩትን አልሰጡኝም እንጂ።

ሾውሩሙን ታውቁታላችሁ። መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ በር ላይ የቆመው ልጅ "ግቢ እህቴ፣ ማየት በነጻ ነው" ይላል። ሻጩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ "እትዬ" እያለ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። ከዚያ ናሙና አወጣና በሁለት እንጨት ላይ አጋድሞ በሁለት እግሩ ቆመበት። ወርዶ ደግሞ በመዶሻ እጀታ ደበደበው። ምንም አልሆነም። "ቴምፐርድ ማለት ይሄ ነው እትዬ፣ ምድጃ ጀርባ ከዚህ ሌላ አይገጠምም" አለኝ። ይህን እውነቱን ነው። ናሙናው ጥግ ላይ ቴምፐርድ መሆኑን የምትናገር ትንሽ ማህተም ነበረች፤ እሷንም በጣቱ አሳየኝ። ልብ በሉ፣ ማህተሟን ያሳየኝ ራሱ ነው።

2 ሜትር ከ40 በ60 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ ጀርባው ክሬም ቀለም የተቀባ። ከነገጠማው 22 ሺህ ብር። "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል" አለ፣ እንደተለመደው። 3 ሺህ 300 ብር አተርፋለሁ ብዬ ያለ ደረሰኝ ተስማማሁ። ግማሹን በሞባይል አስተላለፍኩለት፤ ቀሪው ሲገጠም ሊከፈል።

ቅዳሜ ሁለት ልጆች ተሸክመውት ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ግድግዳው ላይ ደግፈው ሲለኩት የሶኬቱ ቀዳዳ አልወጣለትም። ሱቁ የላከው ሰው መጥቶ ሲለካ ሶኬቱን አይቶታል፣ ወረቀቱ ላይም ሲጽፈው አጠገቡ ቆሜ ነበር። "ችግር የለም፣ እዚሁ እናወጣዋለን" አለ አንደኛው። መስታወቱን በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው አስተኙት። በማርከር አራት ማዕዘን ሣሉበት። ከቦርሳው ግራይንደር አወጣና "ውሃ ይኖራል?" አለኝ።

ሃይላንድ ሞልቼ መጣሁ። እሱ ሲቆርጥ እኔ ጎንበስ ብዬ ቀስ እያልኩ አፈስስለታለሁ። ነጭ ውሃ፣ ልክ እንደ ወተት፣ በካርቶኑ ጠርዝ እየወረደ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። እግሬ ላይ ሁሉ ተረጨ። በመሃል ምን እንዳሰኘኝ አላውቅም፣ "ቴምፐርዱ ነው አይደል?" ብዬ ጠየቅኩ።

ማሽኑን አጠፋ። ቀና ብሎ እኔን ሳይሆን ጓደኛውን አየ። ጓደኛው ጫማውን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ "አዎ እትዬ፣ ለዚህ እኮ ነው ሲቆረጥ የሚያስቸግረው" አለኝና ማሽኑን መልሶ አስነሳው።

አይዞህ አልኩት! ጨርሰው ሲገጥሙት ቡና አፈላሁላቸው፣ ቀሪውን 11 ሺህ ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ለሻይ ብዬ 300 ብር ጨመርኩ። ያቺ መተያየት ከትናንት ማታ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋችም። ያን ጊዜ ምን ብሎ ነው ጓደኛውን ያየው? እንዴት ዝም አልኩ? እያየሁት ነበር እኮ።

ትናንት ማታ ትልቁን ድስት ጥጄ ቁሌት እያበሰልኩ ነበር። ድስቱ ሰፊ ስለሆነ የሲሊንደሩ እሳት በጎኑ ወጥቶ ግድግዳውን ይልሳል። ጧ! አለ። ሲሊንደሩ ፈነዳ ብዬ እሳቱን አጠፋሁ። ቀና ስል ከሶኬቱ የቀኝ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ ጎበጥ እያለ እስከ ላይኛው ካቢኔት ደርሷል። ገና እያየሁት ከምድጃው በላይ ያለው ክፍል ለቀቀና ግራናይቱ ላይ ወረደ። ማጣበቂያውን ሲሊከን ለካ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብቻ ነበር ያደረጉት። ስባሪው የክንዴን ያህል ይረዝማል፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የአምስት ዓመት ልጄ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በርጩማዋ ላይ ቆማ ነጭ ሽንኩርት ስታቀብለኝ የነበረው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ዛሬ ጠዋት ስባሪውን በፎጣ ጠቅልዬ ሱቁ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነው። ከወንበሩም አልተነሳ፣ ዓይኑንም ከስልኩ አላነሳ። "መስታወት እኮ ነው፣ ይሰበራል። ብረት አልገዛሽ" አለኝ። የከፈልኩት ለቴምፐርድ ነው ስለው "ቴምፐርድም ይሰነጠቃል። ምን እንዳስነካሽው በምን እናውቃለን?" አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ "ሴትዮ፣ ደረሰኝሽን አምጪ፣ ያኔ እንነጋገራለን" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከእትዬ ወደ ሴትዮ ወረድኩ። ውሃ ያስመጣልኝ ሰው ስባሪውን እንኳ ገልጦ ለማየት አልፈለገም።

ስመለስ ሰፈራችን መስኮት የሚገጥሙ አንድ አባት ጋ ጎራ አልኩ። ፎጣውን ገልጠው አንድ ጊዜ አዩት። "ቀዳዳው የት ወጣ?" አሉኝ። ቤቴ፣ በረንዳ ላይ አልኳቸው። "እንግዲያው ልጄ ቴምፐርድ አልነበረም።"

ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ቴምፐርድ ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ወዲያው በአየር ተመትቶ በድንገት የሚቀዘቅዝ ነው። ጥንካሬው ከዚያ ይመጣል። ከዚያ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩም ቀዳዳውም ከመሞቁ በፊት ማለቅ አለበት። በኋላ ግራይንደር ያስነካው ሰው እጁ ላይ ሙሉው ይረግፍበታል። "የመኪና የጎን መስታወት ሲሰበር አላየሽም? እንደ በቆሎ ፍሬ ነው የሚበተን። ይሄ የያዝሽው ግን ቢላዋ ነው" አሉኝ። ተራ መስታወት አንዱ ጎኑ ሲግል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ አይችልም። የሶኬቱ ቀዳዳ ጥግ ደግሞ ሹል ሆኖ ስለተቆረጠ ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው። ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው የተሰነጠቀው።

ስለዚህ ያ ልጅ ያውቅ ነበር። ጓደኛውም ያውቅ ነበር። ናሙናው ላይ የቆመው ሰውዬ ከሁሉም በላይ ያውቅ ነበር። ምድጃ ጀርባ ሌላ አይገጠምም ብሎ በአፉ የነገረኝ እሱ ነው። ልጅ እንዳለኝም ያውቃል፤ ይዣት ነበር የሄድኩት፣ ከረሜላ ሰጥቷታል። እኔ ደግሞ ተራ መስታወት ሲቆረጥልኝ ውሃ አፍስሼ፣ ቡና አፍልቼ፣ አመስግኜ ሸኘሁ።

ማህተሙን ናሙናው ላይ ሳይሆን ቤታችሁ የመጣው ላይ ፈልጉ፣ ከመለጠፉ በፊት። ቴምፐርድ ብለው አምጥተው ግራይንደር ካወጡ አስቁሟቸው፣ ቀሪውን ብርም አትስጡ። ደረሰኝ መስጠት በሕግ የሻጩ ግዴታ ነው፤ እኔ ነኝ ለ3 ሺህ 300 ብር ብዬ የተውኩት።

አሁን ግድግዳው ላይ ካርቶን ለጥፌበታለሁ፣ ልጄም ኪችን እንዳትገባ ከልክያታለሁ። ነገ ጠዋት ስባሪውን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ደረሰኝ የለኝም። ቀብዱን ያስተላለፍኩበት የባንክ መልእክት ግን ስልኬ ላይ አለ፣ የሻጩ ስምም ተጽፎበታል።