የ110 የኗ ነጭ ሰሌዳ

ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው የመቶ የን ሱቅ ሳያዘወትር አይቀርም። ዳይሶ፣ ሴሪያ፣ ካንዱ፣ ስሙ ቢለያይም ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንዱን አታጡም። አብዛኛው ዕቃ 100 የን ነው፤ 10 በመቶ ታክሱ ሲጨመር 110 ይሆናል። 200፣ 300 እና 500 የን የሚሉም ስላሉ ዋጋውን አይታችሁ አንሱ። እኔ የምመላለስበት ሱቅ ማታ ማታ ከማስተምርበት ክፍል በታች ያለው ነው። ተማሪዎቼ ስምንት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች ናቸው። ዕቃውን የምመዝነው እነሱ እጅ ላይ ምን እንደሠራ አይቼ ነው።

ከሁሉ የምወዳት ትንሿን ነጭ ሰሌዳ ነው።

እዚህ ተማሪ ተጠይቆ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ መልሱ ጠፍቶት አይደለም። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። መልሱን ያውቀዋል፤ ግን መጀመሪያ ዞር ብሎ ከጎኑ ካለው ጋር ያመሳክራል። እርግጠኛ ካልሆነ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቀራል። ሰው ሁሉ እያየው መሳሳት ይከብደዋል። ሰሌዳውን ካደልኳቸው ወዲህ ግን ሁሉም ይጽፋል፤ ሦስት ድረስ ስቆጥር ሁሉም እኩል ያነሣል። ብቻውን የሚጋለጥ የለም። የተሳሳተውም በጣቱ ጠረግ አድርጎ እንደገና ይጽፋል።

ሁለት ወር ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እሁድን እንዴት እንዳሳለፉ ጠየቅኳቸው። ውሻዋ ስላረጀች አብራት ቤት እንደዋለች ጻፈች። ግሶቹ በሙሉ የአሁን ጊዜ ነበሩ። አላረምኳትም። የውሻዋን ስም ጠየቅኳት። ሰሌዳውን አስቀምጣ በአፏ መለሰችልኝ።

ማርከሩን ግን ከዚያ አትግዙ። የገዛሁት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ደብዝዟል። እሱን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውድ ቢሆንም ግዙ።

ሌላው ታንጎቾ የሚሉት ነው፤ በቀለበት የታሰሩ ጣት የሚያህሉ ካርዶች። ልጆቹ በአንዱ ገጽ እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው ጃፓንኛውን ጽፈው ባቡር ላይ ይሸመድዳሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቃል ብቻውን የተጻፈ እንደሆነ ግን ቃሉ ከካርዱ አይወጣም። እኔ አንድ ቃል የጎደለበት አጭር ዓረፍተ ነገር አስጽፋቸዋለሁ። ያን ጊዜ ቃሉን ሲናገሩበት እሰማለሁ።

በቀይ ወይም በብርቱካናማ እስክሪብቶ የተጻፈውን የሚሰውረው ቀይ ፕላስቲክም አለ። ለጽሑፍ ፈተና ይጠቅማል፤ ለመናገር አይረዳም። ቶኪዮ ደግሞ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የመናገር ፈተና ጨምሯል።

ማኅተሞቹን ሳላነሣ አላልፍም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ልጅ ፈተናውን ሁሉ ደፍኖ ነበር። እኔም በለመድኩት ራይት ሞልቼ መለስኩለት። ልጁ ወረቀቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። ጃፓን ውስጥ ትክክል በክብ ነው የሚገለጸው፣ ማሩ ይሉታል። የእኛ ራይት ብዙ ጊዜ የስህተት ምልክት ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ አስረዳሁት፤ የዚያን ዕለት ማታ ሃናማሩ የሚባለውን፣ ክቡ ላይ የአበባ ቅጠል ያለበትን ማኅተም ገዛሁ። አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ልጆች ለዚያች አበባ ደብተራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ።

የማልመክራችሁ ከእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ቃል ሥር አነባበቡ ካታካና በሚባለው የጃፓን ፊደል የተጻፈበትን የግድግዳ ፖስተር ነው። በካታካና ከ"ን" በስተቀር አናባቢ የሌለው ድምፅ ለብቻው አይጻፍም። ስለዚህ "ሚልክ" "ሚሩኩ" ይሆናል። ብርሃን የሚለውና ቀኝ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለቱም አንድ "ራይቶ" ሆነው ይቀራሉ። አማርኛ "ለ"ን ከ"ረ" ስለሚለይ ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ መደበኛ ትምህርት ሆኗል። ልጁ በዚያ ዕድሜ የያዘውን አነባበብ እኔ ጋ ሲመጣ ማስለቀቅ ብዙ ሥራ ነው። ፖስተሩን የገዛችሁት እንደሆነ እንኳ ካታካናውን በወረቀት ሸፍኑት።

ሰሌዳዋን ስታገኟት ለክፍሉ ሁሉ በአንዴ ግዙ። እኔ አምስት ገዝቼ ለቀሩት ሦስት ስመለስ አልቃ ነበር። ሦስቱ ልጆች ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ እነሱም ወረቀታቸውን ከሌሎቹ ዘግየት ብለው ነበር የሚያነሡት።