ለጀልባችን ሶላርና ቴፕ ለገጠመልን ልጅ ምስጋና

የሶላር ባለሙያ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ፍላጎታችሁ ትንሽ ሆኖ ሳለ በገባችሁበት ሱቅ ሁሉ ትልቅ ዕቃ ለሚያስታቅፏችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ምስጋናዬም በዚያው ይድረሰው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ባቱ ከተማ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ አንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ አለችን። እሱ እዚያው ሆኖ እንግዳ ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል፤ እኔ እዚህ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ሰፈር ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ የጎደለ ዕቃ ገዝቼ እልካለሁ። እንግዳ ጀልባ ላይ ሲወጣ ስለ ሕይወት ጃኬት ከመጠየቁ በፊት ስለ ሙዚቃ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ቴፕ የግድ ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ሠራተኛ ቴፑን በቀጥታ ከሞተሩ ማስነሻ ባትሪ ጋር አያይዞልን ነበር። ሲዘፍን የዋለ ባትሪ ማታ ሞተር አላስነሳ አለ። እንግዶቹ ሐይቁ መሐል፣ የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቶ፣ አሣ አጥማጆች ደርሰው ጎትተው እስኪያወጧቸው እኔ እዚህ ስልክ ይዤ ስንቆራጠጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቴፑ የራሱ ባትሪና የራሱ ሶላር ይኑረው ተባባልን።

ዕቃ ፍለጋ ስወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንዱ ሱቅ «ባለቤትሽ ቢመጣ ይሻላል» አለኝ። ሌላው የቴፑ ካርቶን ላይ 4 በ50 ዋት የሚለውን አነበበና ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይረው ዕቃ)፣ ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪና ሦስት ፓኔል ጻፈልኝ። ሁለቱ ባትሪ ብቻ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ተሳፋሪ ማለት ነው፣ ያውም የማይከፍል።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ቴሌቪዥን ያሠራችበት ጎረቤቴ ናት። ድሮ ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ተነስቶ አሁን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛ የማያስገባ ክፍል ይዟል። የመጀመሪያ ጥያቄው «እትዬ፣ በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚያጫውቱት?» የሚል ነበር። ስንት ብር ይዘሻል ያላለኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ቴፑን ገልብጦ ከጀርባው የተሰካችውን ሰማያዊ ፊውዝ በፒንሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «15 ይላል አይደል? 12 ቮልት በ15 አምፔር ሲባዛ 180 ነው። ከ180 በላይ የማያስገባ ዕቃ 200 ከየት ያወጣል? ካርቶኑን ይርሱት።» ቴፑን ከባትሪ ጋር አገናኘ፣ እኛ ጀልባ ላይ በምንከፍተው ድምፅ ልክ ዘፈን አጫወተና መልቲሜትሩን አሳየኝ፤ 2 አምፔር አካባቢ ይዋልላል። ወደ 25 ዋት መሆኑ ነው። ስድስት ሰዓት ቢዘፍን 150 ዋት ሰዓት። ድምፁ በደንብ ከተለቀቀ ከዚያ በላይ እንደሚበላ አልደበቀኝም።

ሒሳቡን በካርቶን ቁራጭ ላይ ሠራልኝ፣ ካርቶኑ አሁንም ቤቴ አለ። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝና በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ቢቀነስ፣ 350 ዋት ሰዓት ግድም ይሰጣል። ከሚያስፈልገን እጥፍ በላይ ነው፤ ትርፉ ለደመና ቀን። ባትሪው አንድ ባለ 50 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሆነ፤ ክብደቱ ሰባት ኪሎ እንኳ አይሞላም። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፣ ሊቲየሙ ግን አብዛኛውን ያስጠቅማል፤ ለዚህ ነው ትንሹ የሚበቃን። ኢንቨርተሩን ጭራሽ ሰረዘው። የመኪና ቴፕ ድሮም የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፣ ወደ 220 ማውጣት ለምን? ኢንቨርተር ተከፍቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ባትሪ ይበላል። ልገዛ ከወጣሁት ሲሶውን እንኳ ሳይሸጥልኝ ቀረ። መሸጥ እኮ ይችል ነበር፤ ምኑን አውቄ እከራከረዋለሁ?

እሱ ባቱ አልወረደም፣ ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው የለውም። ያደረገው ግን ከመውረድ አይተናነስም። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማብሪያ ማጥፊያውንና ፊውዞቹን አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ አሰናድቶ፣ የየሽቦውን ጫፍ በካውያ ሊድ አቅልጦ አጠንክሮ፣ በየሽቦው ላይ ነጭ ናስትሮ ጠቅልሎ ቁጥር ጻፈበት። የወንድሜ ድርሻ ቁጥርን ከቁጥር ማገናኘትና ብሎን ማጥበቅ ሆነ። ወረቀት ላይም እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኝ፣ ፓኔሉን ከዚያ በኋላ፤ ስትፈታ ፓኔሉን አስቀድም። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ፣ ምክንያቱም ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ተልጦ ቢነካካ የሚያቆመው የለም። ባትሪው ከቤንዚኑ ይራቅ። ቤንዚን በተጫነበት ጀልባ ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር።

ፓኔሉን የት እንስቀለው ስለው ይዞኝ ወደ ውጭ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ አጋድሞ ባትሪ እያስሞላ፣ አንዱ ጥግ ላይ መዳፉን ዘረጋ። ከ4 በላይ የነበረው አምፔር ወርዶ ቁጭ! የፓኔሉ ትንንሽ ክፍሎች፣ ሴሎቹ፣ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጨልም ሌሎቹንም ያንቃል። «ጣሪያው ላይ ጃኬት ወይም መረብ የሚያሰጣ ካለ ያስቁሙት» አለኝ። ወንድሜ ነው የሚያሰጣው፤ አስቁመነዋል። ስለ አቅጣጫ አትጨነቁ አለ፦ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጀልባም ፊቷን ስታዞር ነው የምትውለው፤ ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ ይበቃዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ገጠመን። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሬዲዮው «ዚዚዚ» ይላል። ደወልኩለት። ፍላሽ ስትሰኩም አለ? የለም። ፓኔሉን በፎጣ ሸፍኑት፣ ጠፋ? ጠፋ። «በቃ፣ ኮንትሮለሩ ነው፤ በአንቴናው በኩል ነው የሚገባው» አለና ኮንትሮለሩን ከቴፑ ወደ ጀልባዋ ኋላ አርቀን እንድናስር፣ የፓኔሉን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ እንድንገምዳቸው ነገረን። ሽቦው ላይ የምትጠለቅ፣ እንዲህ ያለውን ጩኸት የምታፍን ጥቁር የፌራይት ቀለበት ደግሞ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከ። የቀለበቷን ሒሳብ ስጠይቀው ሳቀብኝ። አሁን ኤፍኤሙ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቱሉ ጉዶ ደሴት ስንደርስ ግን ለገዳሙ ክብር ቴፑ ይዘጋል፣ ጉማሬ ባለበትም እንዲሁ።

እንከኑንም ልናገር፣ ቀጠሮ አያከብርም። ሐሙስ ካለ ቅዳሜ ነው። ካልቸኮላችሁ ግን ግድ የለም።

የዕቃ ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ዕቃውን እዚያው ቆሜ በደረሰኝ ነው የገዛነው፤ የእጁን ዋጋ ለብቻ ተነጋገርን፣ በተነጋገርነው ጨረስን።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ቴፑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶ አይበቃውም። ከፓኔሉ እስከ ባትሪው ያለውን ርቀትም በሜትር ለክታችሁ ያዙ፤ የሽቦውን ውፍረት የሚወስነው በዚያ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ስልክ አያነሳም።