በእጅ የሚያዝ የኦዞን መለኪያ፦ በኮምቦልቻና በደሴ የበልግ ሰማይ ሥር

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው በባትሪ የሚሠራና በመዳፍ የሚያዝ፣ ከመሬት አጠገብ ሲበዛ ሳንባን የሚጎዳውን ጋዝ የኦዞንን መጠን የሚለካ መሣሪያ ነው። የሞከርሁት በበልግ፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ሰማዩ በሚጠራባቸው የመጋቢትና የሚያዝያ ቀናት ነው፤ የቀትር ፀሐይ በወሎ አናት ላይ የምትቆምበት ወቅት በመሆኑ ከመሬት አጠገብ ኦዞን ለመፈጠር ይመቸዋል።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም፣ ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ የሚወጣ አለመሆኑን ቁልጭ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ጠዋት በኮምቦልቻ፣ ከጅቡቲ መሥመር የመጡ ከባድ መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ከቆሙበት አጠገብ ሲይዙት ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከሞተሩ ትኩሱን የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ በዙሪያው ያለውን ኦዞን ይበላዋልና። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ሲለኩ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። የመኪናው ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ከማደያ የሚተነው ቤንዚንና የማገዶው ጭስ ቀን ቀን ወደ ተራራው በሚነፍሰው ነፋስ እየተገፉ፣ በመንገዳቸው ላይ በፀሐይ ብርሃን ኦዞን ይፈጥራሉ። ደሴን የከበባት ባሕር ዛፍም ሙቀት ሲበረታ አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ በማውጣት ያግዛል። ንጹሕ አየር ፍለጋ ከደሴ በላይ ወዳለው የጦሳ ተራራ የወጣ ሰው፣ ከመናኸሪያው የበለጠ ኦዞን ሊተነፍስ ይችላል ማለት ነው።

ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ጋዙን የሚለየው የመሣሪያው ክፍል (ዳሳሹ) በመኪና ጭስ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንም እንደ ኦዞን ስለሚቆጥር፣ በመኪኖቹ አጠገብ ያሳየው ዝቅተኛ ቁጥር እንኳ ከእውነተኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ከዚህ የባሰው የከፍታው ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለስምንት ሰዓታት አማካይ ያስቀመጠው ወሰን በሜትር ኩብ 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ መሣሪያው ይህን በባሕር ወለል ስሌት ከቢሊዮን 50 እጅ (ከቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 50ው ኦዞን) አድርጎ ቀይ መብራት ያበራል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው ደሴ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው 50 እጅ ወደ 75 ማይክሮግራም ብቻ ይመዝናል፤ ቀዩ መብራት ያለጊዜው ይበራል። በዚያ ላይ የቅጽበቱን ቁጥር እንጂ የስምንት ሰዓታቱን አማካይ አያወጣም፣ ከሩቅ የመጣውንም እዚሁ ከተፈጠረው አይለይም።

ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ጠዋትና ከሰዓትን፣ ቆላውንና ደጋውን ለማነጻጸር ይበቃል። የአስም ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ግን በዚህ ቁጥር ተመርቶ ከቤት ልውጣ ወይስ ልቅር ብሎ ባይወስን ይሻላል።