ወንድሜ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ፕሮግራሙን እንዴት አገኘነው?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን ለምን እንዳስቀረሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ምን እንደማወራ ላስረዳ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶች ኮሌጅ ውስጥ ስለተከፈተ ፕሮግራም ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም። እኛም አናውቅም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ዳውን ሲንድረም አለው። ቤት ውስጥ ማሙሽ እንለዋለን። ሃይስኩል ሲጨርስ እማዬ እንደማንኛውም ተመራቂ ድግስ ደገሰችለት። ዶሮው ተሠራ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ቤቱ በዘመድ ሞላ። መሀል ላይ አንድ እንግዳ "ታዲያ አሁን የት ሊገባ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ተመራቂ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። እማዬ ግን መልስ አጣች። ትሪውን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋለ። እማዬ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፣ እኔም እሄዳለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ይቀራል። ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ቺፕስ። ጓደኞቹ ሁሉ የሃይስኩል ጓደኞች ነበሩ፤ እነሱ ሲበታተኑ ስልኩ መጥራት አቆመ። ቀን ላይ ደውዬ "ምን እየሠራህ ነው?" ስለው "እየጠበቅኩ" ይለኝ ነበር። ምን እንደሚጠብቅ ግን አይነግረኝም።

ያን ሰሞን ነው አንዲት የቀድሞ አስተማሪው ስለነዚህ ፕሮግራሞች የነገረችን። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶች ተብለው ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈቱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ300 በላይ አሉ። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቦስተን ላይ ቲንክ ኮሌጅ የሚባል ማዕከል አለው፤ ፕሮግራሞቹን በየስቴቱ ዘርዝሮ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧቸዋል። እኛም ፍለጋችንን የጀመርነው ከዚያ ነው። እኛ አካባቢ ፌርፋክስ ያለው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሜሰን ላይፍ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተርፕስ ኤክሲድ የሚለውን በ2021 ጀምሯል። ልጄ ራቅ ቢል አይከብደኝም ለሚል፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ኢንክሉሲቭ ዩ አለ። ወንድሜ የገባበት ከነዚህ አንዱም አይደለም፤ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስሙን አልጠራም። እንደሱ ያሉ ተማሪዎች በአንድ ካምፓስ ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ፣ ስሙን ከጻፍኩ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። እሱም ታሪኬን ጻፊ፣ ስሜን ግን አትጻፊ ብሎኛል።

እንግዲህ ወደ ፕሮግራሙ። አራት ዓመት ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ዲግሪ ሳይሆን ሰርተፍኬት ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው እወቁት፣ ለዘመድም እንዲሁ ንገሩ። ወንድሜ ዶርም ውስጥ ይኖራል። በሳምንት ጥቂት ክፍሎችን ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጋር አብሮ ይማራል። ሌላው ጊዜ ገንዘብ አያያዝ፣ ምግብ ማብሰል፣ ቀጠሮ ማክበር የመሳሰሉት ላይ ይውላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሥራ ይለማመዳል። ሜንተር የሚባሉ አብረውት የሚውሉ ልጆች አሉ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ አብረውት ክፍል ይገባሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ጂም ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የቲያትር መግቢያ ኮርስ ወሰደ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንድ ትዕይንት መርጠው አምስት ገጽ እንዲጽፉ ታዘዙ። እሱ አምስት ገጽ አይጽፍም። መምህሩ ያንኑ ትዕይንት ሰጥቶት "ተዋናዮቹ መድረኩ ላይ የት የት እንደሚቆሙ ሣል፣ ለምን እዚያ እንደቆሙም ለክፍሉ ንገር" አለው። ሣለ። ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ተናገረ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አይሰማም ነበር፤ አንዲት ልጅ "እናትየዋ ለምን ጀርባዋን ሰጠች?" ብላ ስትጠይቀው ግን ቀና ብሎ "እያለቀሰች እንደሆነ እንዳያዩባት" አላት። ሜንተሩ በቪዲዮ ቀርጾ፣ ማሙሽን አስፈቅዶ ላከልን። እማዬ ያን ቪዲዮ ለቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ አሳየች። ልጇን ይዛ ሁልጊዜ ከኋላ በር አጠገብ የምትቆመው እማዬ!

እማዬን ለማማት አይደለም። እሷ ያደገችው እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ በሚገባበት ዘመን ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው፣ የራሳቸውን ልጅ ይዘው በአደባባይ ሲናገሩ፣ የእሳቸው ድፍረት ለስንት እናት አንደበት እንደሆነ እማዬ ዛሬም ታነሳዋለች። እንደዚያም ሆኖ የራሷን ልጅ ዶርም ማስገባት ከበዳት። "ማን ያጎርሰዋል?" አለች። ሃያ ዓመቱ ነበር። የሚያጎርሰው ሰው አያስፈልገውም፤ እኛ ነን ማጉረስ ያላቆምነው።

ለዶርም ብላ ነጭ ጋቢ ሰጠችው። በሁለተኛው ሳምንት ከቀይ ሹራቡ ጋር አብሮ አጠበውና ጋቢው ሮዝ ሆነ። ሜንተሩ ስልክ ደውሎ አልነገረንም፣ አላጠበለትምም። በማግስቱ አብረው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተው እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ እንዲያነሳ አደረገው። ነጩ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ፣ ሳሙናው እስከ ቀዩ መስመር፣ ቁልፉ እዚህ ላይ። ፎቶዎቹ አሁንም ስልኩ ውስጥ በተራ አሉ። ከዚያ ወዲህ ልብሱን ራሱ ያጥባል፤ ለእረፍት ቤት ሲመጣ የእኔንም ያጥባል። ጋቢው ሮዝ እንደሆነ ነው፣ እሱኑ ለብሶ ይተኛል። እማዬ በሌላ ልቀይርልህ ብትለው እምቢ አለ።

ቤተሰብን በጣም የሚያስቸግረው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ሃይስኩል እያለ አይኢፒ የሚባል፣ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ነበረው፤ ስብሰባ ተጠርተን እንገባለን፣ እንፈርማለን፣ ሁሉም ነገር በእኛ በኩል ያልፋል። ኮሌጅ ላይ አይኢፒ የሚባል የለም። ፈርፓ በሚባለው ህግ መሠረት ስለ ተማሪው መረጃ የሚጠየቀው ተማሪው ራሱ ነው። እማዬ በመጀመሪያው ወር ቢሮ ደውላ "ልጄ ክፍል እየገባ ነው ወይ?" ብትል፣ በትህትና "እሱን ይጠይቁት" አሏት። በጣም ተናደደች። ከፋዩ እኔ፣ እናቱ እኔ፣ አለች። ኋላ ማሙሽ መረጃው ለእኛ እንዲሰጥ ፎርም ፈረመ፤ ግን ሁሉንም አልፈቀደም። ውጤቴን ንገሯቸው፣ ከማን ጋር እንደምወጣ አትንገሯቸው ብሎ መረጠ። ለእኔ ከሁለቱ ዓመት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ይሄ ልጅ ከዚያ በፊት ምን እንደሚለብስ እንኳ ጠይቀነው አናውቅም።

እኛ ሄደን ስንጠይቀውም እንደዚያው። ባለፈው መከር ምግብ ይዘን ሄደን ከሩቁ "ማሙሽዬ!" ብዬ ጠራሁት። ከሦስት ልጆች ጋር ቆሞ ነበር። መጣና ሳመኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጆሮዬ ላይ "እዚህ ማሙሽ አትበዪኝ" አለኝ። ካምፓስ ላይ በሙሉ ስሙ ነው የሚታወቀው። አሁን ስደውልለትም በስሙ ነው የምጠራው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ብቻ ተፈቅዶልኛል።

ገንዘቡ ርካሽ አይደለም። መደበኛው የትምህርት ክፍያ አለ፣ ዶርምና ምግብ አለ፣ በዚያ ላይ ለድጋፉ ተብሎ የሚጨመር አለ። ስለዚህ ለጉብኝት ነዳጅ ከማቃጠላችሁ በፊት ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፕሮግራሙ ሲቲፒ የሚባለው የፌዴራል እውቅና አለው ወይ? ይህን በር የከፈተው በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ህግ ነው። እውቅናው ካለ፣ ልጁ መደበኛ የሃይስኩል ዲፕሎማ ባይኖረውም ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከመደበኛው የተለየውን አፕላይድ ስተዲስ ዲፕሎማ ይዘው ለሚወጡ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለ2025–26 የፔል ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው። የፌዴራል የተማሪ ብድር ግን በዚህ በኩል የለም። የስቴቱ የሥራ ማቋቋሚያ ቢሮም፣ ቨርጂኒያ ላይ ዳርስ የሚሉት፣ እንደ ልጁ ሁኔታ የተወሰነውን ሊሸፍን ስለሚችል ገና ሃይስኩል ሳለ ፋይል ክፈቱለት። አንድ ሌላ ነገር፦ ኤስኤስአይ የሚባለውን የመንግሥት ወርሃዊ ድጎማ የሚያገኝ ልጅ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ካስቀመጠ ክፍያው ሊቆምበት ይችላል። ለምረቃ ዘመድ የሰጠውን ገንዘብ ዝም ብላችሁ በስሙ ባንክ አታስገቡ፤ ለአካል ጉዳተኞች የተፈቀደው ኤብል አካውንት አለ፣ እዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርበትም።

ስንመርጥ የተማርነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጎበኘነው ሌላ ቦታ ህንጻው ያምራል፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ብሮሹሩ ላይ "አካታች" የሚል ቃል በየገጹ አለ። ከዚያ ልጆቹ የሚማሩበትን ስናይ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለ አንድ ክፍል ነው። ጠዋትም እዚያ፣ ምሳም እዚያ፣ ከሰዓትም እዚያ። ካምፓሱ ውስጥ ናቸው እንጂ ከካምፓሱ ሰው ጋር አይደሉም። ለሲቲፒ እውቅና ህጉ የሚጠይቀው፣ ተማሪው ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተሳትፎው አካል ጉዳት የሌለባቸው ሰዎች ባሉበት ክፍል ወይም የሥራ ልምምድ ላይ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ፈገግታውን ተዉትና "የአንድ ተማሪ የባለፈው ሳምንት ፕሮግራም፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ስሙን ሸፍናችሁ አሳዩን" በሉ። እዚያኛው ቦታ ስንጠይቅ ኋላ እንልካለን አሉ፣ አልላኩም። ወንድሜ የገባበት ግን ወዲያው ከኮምፒውተር አውጥተው ሰጡን። የወሰንነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቀነስኩት ኮከብ። አንደኛው የሥራ ልምምዱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የተሰጠው ካፌቴሪያ ጠረጴዛ መጥረግና ጂም ውስጥ ፎጣ ማጠፍ ነው። ሥራ አልንቅም፤ እማዬ ልጆቿን ያሳደገችው ሆቴል ክፍል እያጸዳች ነው። ግን ይሄ ልጅ ስለ አውቶቡስ የማያውቀው ነገር የለም። በሰኔ 2025 ዋሽንግተን ላይ የትራንስፖርት ድርጅቱ ሜትሮ የአውቶቡሶቹን መስመርና ስም በሙሉ ሲቀይር፣ እኛ ግራ ገብቶን ፌርማታ ላይ ስንቆም እሱ በሁለት ሳምንት አዲሱን ካርታ ሸምድዶ "ኤፍ ከሆነ ወደ ፌርፋክስ ነው፣ ኤ ከሆነ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ" እያለ ለሰፈርተኛው መንገድ ያሳይ ነበር። ካምፓሱ የራሱ ሸትል አውቶቡስ አለው፣ የትራንስፖርት ቢሮ አለው። እዚያ መድቡት ብለን ሁለት ጊዜ ጠየቅን። "እናየዋለን" ተባልን። የሚወደውንና የሚችለውን ጠይቀው መዝግበውታል፤ መዝግበውት ግን ፎጣ ያሳጥፉታል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው በጋው ነው። ግንቦት ላይ ይዘጋል፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ምንም የለም። የመጀመሪያው በጋ ላይ ወደ ሶፋው ተመልሶ ነበር። ባለፈው በጋ ግን ሜንተሩ በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ይደውልለት ነበር፤ ያንንም ያደረገው በራሱ ጊዜ ነው እንጂ ፕሮግራሙ አዝዞት አይደለም። ሁለቱ አብረው ምስር ወጥ ሠሩ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ማሙሽ ነበር አስተማሪው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ከዶርም ወጥቶ ካምፓሱ አጠገብ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አፓርታማ ይገባል። የትራንስፖርት ቢሮውን ጥያቄ አሁን ሦስተኛ ጊዜ አቅርበናል፣ በዚህኛው ግን ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ ነው። የሸትሉን መስመሮች በሙሉ በቀለም ሥሎ አያይዞበታል። መልስ ሲሰጡት እዚሁ እጨምርላችኋለሁ፣ ኮከቡንም አስተካክላለሁ።