ዳገት ላይ የሚሞቅ የናፍጣ መኪና፦ ራዲያተር ወይስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን?

ከጅማ ቡና ጭኖ፣ ተሳቢ እየጎተተ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የናፍጣ መኪና ሕመሙን የሚናገረው የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ ነው። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ብዙ ሰው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ለማስወረድ ይቸኩላል። እባካችሁ አስቀድማችሁ የሁለቱን ጥፋት ለዩ፦ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ነው ወይስ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ?

ጥፋቱ የራዲያተር ከሆነ ሙቀቱ ጭነትን ይከተላል፤ ዳገት ላይ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ባዶውን ሲሄድ ይወርዳል። በክረምት የጅማ ቀይ ጭቃ በራዲያተሩ ክንፎች (ስስ የብረት ቅጠሎች) መካከል ገብቶ ይደርቅና አየር ይዘጋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለሆሳስ ውሃ ይታጠብ፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

ጓርኒሲዮኑ ሲበላ ግን ምልክቱ ብዙ ጊዜ መኪናው ቆሞም ይታያል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የውሃ ጎማ (ቱቦ) በእጃችሁ ጨብጡ። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጎማው እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ ያለው የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ መሬት ላይ ሳይፈስ የሚጎድል ውሃ እና ወተት የመሰለ ዘይት ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ።

የራዲያተሩን ክዳንም አትርሱ። በጅማ ከፍታ ውሃ ያለ ግፊት በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የማይይዝ ክዳን ደኅነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል። እኔ ሁልጊዜ ከክዳኑ እጀምራለሁ፤ ግን ሞተሩ ትኩስ ሳለ ፈጽሞ አትክፈቱት፤ የሚፈነዳው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።