ኤክስ ኤም 193 እና .223፦ አንድ ዓይነት ቀለሃ፣ የተለያየ ጥይት

አሜሪካ ውስጥ ኤ አር 15 (የኤም 16 የሲቪል አምሳያ) ወይም .223 የአደን ጠመንጃ ያለው ሰው ጥይት ሊገዛ ሲሄድ ፌዴራል የሚባለው የጥይት አምራች ያዘጋጃቸውን ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ያገኛል። አንዱ አሜሪካን ኢግል .223 ሬሚንግተን ነው፤ ሌላው ኤክስ ኤም 193 የሚባለው 5.56×45። የሁለቱም አረር 55 ግሬን (3.6 ግራም ገደማ) ነው፤ ሁለቱም በመዳብ ሽፋን የተለበጠ እርሳስ ናቸው፤ የቀለሃቸው የውጭ ልክም አንድ ነው ማለት ይቻላል። የረከሰውን ማንሳት ያጓጓል። ከማንሳት በፊት ግን በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ኤክስ ኤም 193። የተሠራው በኤም 193፣ ማለትም በቬትናም ዘመን የኤም 16 ጥይት ልክ ነው። ቀለሃውን ገልብጠው ሲያዩት ኤል ሲ የሚሉ የሌክ ሲቲ ፋብሪካ ፊደላትና የዓመቱ ሁለት አኃዞች ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜም ክብ ውስጥ ያለ መስቀል፣ የኔቶ ምልክት፣ አብሮ አለ። ፕራይመሯ፣ ማለትም ቀለሃው ቂጥ ላይ ተመትታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ፣ እንዳትወጣ ዙሪያዋ ተጨፍልቆ ተቆልፏል፤ እርጥበት እንዳይገባም ታሽጓል። ቀለሃው አንገት ላይ ያለው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ብረቱን ለማለስለስ በእሳት ያለፈበት ምልክት እንጂ ዝገት አይደለም።

በ5.56 በርሜል ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ሳይንቀራፈፍ ይጎርሳል፣ ቀለሃውንም በኃይል ይወረውራል። ማግኔት ስለማይስበው፣ አረራቸው ብረት ያለበትን ጥይቶች የሚከለክሉ የተኩስ ሜዳዎች ይቀበሉታል። ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ኤም 855 ግን ውስጡ የብረት ጫፍ ስላለው ብዙ ቦታ ይመለሳል። ልቅም ያለ ኢላማ ለሚፈልግ ሰው ኤክስ ኤም 193 አይመከርም፤ በ100 ያርድ 2 እና 3 ኢንች ላይ ቢበተን የሚጠበቅ ነው። ለአጋዘን አደንም አይሆንም፤ ሙሉ ሽፋን ያለው አረር በብዙ ግዛቶች ለአደን የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። .223 ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ኤክስ ኤም 193 መተኮስ ይቻላል ወይ? ይጎርሳል፣ ቦልቱም (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይሆን ይተኮሳል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቀለሃው አፍ ፊት ለፊት፣ አረሩ የበርሜሉን ጥምዝ ቦይ ከመንካቱ በፊት በሚጓዝባት ትንሽ ክፍት ቦታ ነው። በ5.56 ቻምበር (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል) ይህች ቦታ በ.223 ካለችው እጥፍ ገደማ ትረዝማለች፣ ወደ ቦዩ የምትገባበት ዝንባሌም የለዘበ ነው። ለ5.56 የተሞላው ባሩድ ይህን ክፍት ቦታ ታሳቢ ያደረገ ነው። ቦታው ሲያጥር አረሩ ገና ፍጥነት ሳይዝ ከቦዩ ጋር ይጋጫል፣ ጋዙ መሄጃ ያጣል፣ ግፊቱ ቶሎና ከፍ ብሎ ይወጣል።

በቁጥር ሲታይ፣ የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ተቋም ሳሚ ለ.223 የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 55,000 ፓውንድ ነው። የኔቶው 5.56 ደግሞ 62,366 ተብሎ ይጠቀሳል። ሁለቱን ቀንሶ «ልዩነቱ ይህን ያህል ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ሳሚ የሚለካው በቀለሃው አካል ላይ ነው፣ ኔቶ በቀለሃው አፍ ላይ። በሳጥን ላይ የታተመው ፍጥነትም አይረዳም። የ.223 የመፈተኛ በርሜል 24 ኢንች ነው፣ የወታደሩ 20፤ ስለዚህ .223ው በወረቀት ላይ ፈጣን መስሎ ቢታይ የበለጠ ኃይለኛ ጥይት ነው ማለት አይደለም። ቁጥር ላይ ከመከራከር የሚሻለው ሳሚ ራሱ 5.56 ወታደራዊ ጥይትን በ.223 ቻምበር አትተኩሱ ብሎ አደገኛ ከሚላቸው ጥንዶች መካከል ማስቀመጡን ማወቅ ነው።

ጠመንጃው ላይ የሚደርሰው ነገር ብዙውን ጊዜ ፍንዳታ አይደለም። መጀመሪያ ፕራይመሯ ጠፍጣፋ ትሆናለች፣ ጠርዟ ይጠፋል። ቀጥሎ ቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ጭረት ይወጣል። ከዚያ ቦልቱ ለመክፈት ይከብዳል። በኤ አር 15 የባሰው ፕራይመሯ ከቦታዋ ወጥታ ቃታው ሥር ስትወድቅ ነው፤ ያቺ ቁራጭ ብረት ተኩስ ልታቆም ወይም ቃታው በትክክል እንዳይሠራ ልታደርግ ትችላለች። ይህን ያየ ሰው ካዝናውን አውጥቶ፣ ቻምበሩን አጽድቶ፣ ያን ቀን መተኮስ ማቆም አለበት። ጥይቱ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ግፊቱ ይበልጥ ይጨምራል፤ በብርድ ደህና የተኮሰው በሙቀት ሊያስቸግር ይችላል።

የሚነበበው ጽሑፍ በርሜሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። የታችኛው አካል ላይ «ማልቲ» ወይም ካዝናው ላይ «5.56» ተብሎ መጻፉ ስለ ቻምበሩ የሚናገረው የለም። በርሜሉ 5.56 ኔቶ ካለ ሁለቱም ሳጥኖች ይሆናሉ። .223 ዋይልድ ካለም ሁለቱም ይሆናሉ፤ ቢል ዋይልድ የነደፈው ይህ ቻምበር የ5.56ን ርዝመት ይዞ ጎኑን ያጠበበ ስለሆነ ለኢላማም የተሻለ ነው፣ አዲስ በርሜል ለሚገዛም ቀዳሚ ምርጫችን ነው። .223 ሬም ብቻ የሚል በርሜል ያለው አሜሪካን ኢግልን ይውሰድ። ሩገር ሚኒ 14 ሁለቱንም እንደሚቀበል አምራቹ ይገልጻል፣ ታርጌት የሚባለው ሞዴል ሲቀር።

ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት ቀለሃው ኤል ሲ ስላለ ብቻ 5.56 ነው ማለት አይቻልም። ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀለሃውን ማን እንደሠራው እንጂ ምን ባሩድ እንደተሞላበት አይናገርም። ስለዚህ ጥይት ከሳጥኑ ጋር ይቀመጥ። ያገለገለ ኤክስ ኤም 193 ቀለሃ መልሶ ለመሙላት የሚፈልግም አዲስ ፕራይመር ከማስገባቱ በፊት የተጨፈለቀውን ጠርዝ በመሣሪያ ማስወገድ አለበት፤ አለበለዚያ ፕራይመሯ ተጣማ ትገባለች።

የተገላቢጦሹ፣ .223ን በ5.56 ጠመንጃ መተኮስ፣ አያሰጋም። ለስላሳ ከሆነ አልፎ አልፎ ቀለሃ ላይወረውር ይችላል፣ ያ ብቻ ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ክፍት ነው ማለት ነው።

ይህን ሕግ ይዞ ወደ .308 ዊንቸስተርና ወደ 7.62×51 የሚሻገር ሰው ግን ይሳሳታል፣ እዚያ አቅጣጫው ይገለበጣልና። (7.62 ብቻ ማለት በራሱ አይበቃም፤ የክላሹ ጥይት 7.62×39 ነው፣ ፈጽሞ ሌላ ነገር።) .308 በ1952 ለገበያ ወጣ፣ ኔቶ 7.62×51ን በ1954 ተቀበለ። የግፊታቸው ልዩነት ብዙ የሚያሳስብ አይደለም፤ በድሮ የጦር ሠራዊት መጻሕፍት 50,000 ተብሎ የሚገኘው ቁጥር በመዳብ መጭመቂያ የተለካ ስለሆነ ከሳሚው 62,000 ጋር አይወዳደርም። የሚያሳስበው የቻምበሩ ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት የሚፈተሸው ቻምበሩ ውስጥ በሚገቡ የብረት መለኪያዎች ነው፤ የ.308 ትንሹ መለኪያ 1.630 ኢንች ነው፣ የወታደሩ 1.635፤ ትልቁ የ.308 መለኪያ 1.638 ሲሆን የወታደሩ እስከ 1.6455 ይሄዳል። የወታደሩ ቀለሃ ወፍራም ስለሆነ ይህን ይችላል። ስስ የሆነው የገበያ .308 ቀለሃ ግን በረዘመ ቻምበር ውስጥ ተለጥጦ ከቂጡ በላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል።

ስለዚህ አሮጌ 7.62 ጠመንጃ፣ ለምሳሌ የሕንዱን ኢሻፑር 2ኤ1፣ የገዛ ሰው .308 ከመተኮሱ በፊት ቻምበሩን በ.308 መለኪያዎች ያስለካ። ቦልቱ በ1.638ው መለኪያ ላይ ከተዘጋ .308 አይተኮስበት። የተተኮሰውን ቀለሃም ማየት ይጠቅማል፦ ከቂጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ካለ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በቀለሃው አፍ አስገብቶ ግድግዳውን መዳሰስ። ሽቦው ጎድጓዳ ላይ ከተያዘ ቀለሃው ሊቆረጥ ተቃርቧል፤ ጠመንጃው ወደ ባለሙያ ይሂድ፣ የዚያ ምድብ ቀለሃም መልሶ አይሞላ።