የኩዌከር አጃ ገዝቼ ባርኔጣውን ሰውዬ ሳጠና ሰነበትኩ
ደብረ ብርሃን ክረምት ሲገባ ጠዋት ትኩስ ነገር ካልቀመሱ ከቤት መውጣት የለም፣ እና ሰሞኑን ጠባሴ ካለ አንድ ሱቅ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ያለበትን የኩዌከር አጃ ቆርቆሮ ገዛሁ። አጃው አሪፍ ነው፣ ቶሎ ይበስላል፣ በወተት ሲሆን በጣም ይጣፍጣል። እማዬ ግን ገና ስታየው "አጃ ደጃችን እየበቀለ በቆርቆሮ ታመጣለህ?" ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው፣ የሷ አጥሚት ሌላ ነው፣ ይሄ ለቸኮለ ሰው ነው።

ሰውዬው ማነው ብዬ ሳነብ ግን ኩዌከር ለካ ሃይማኖት ነው! ካምፓኒው ከነሱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ በ1877 አሜሪካ ውስጥ ምልክቱን ሲያስመዘግቡ የኩዌከሮቹን የሃቀኝነት ስም ፈልገው ነው። ሃይማኖቱን የጀመረው ጆርጅ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1647 አካባቢ ሰባኪዎቹን ሁሉ ዞሮ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ክርስቶስ ራሱ በውስጤ ተናገረኝ አለ። በጥንቱ ልማዳቸው እነሱ ጋ በውጭ የሚታይ ጥምቀትም ቁርባንም የለም፣ ለአምልኮ ሲሰበሰቡ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ መንፈስ የቀሰቀሰው ተነስቶ ይናገራል። እኔ በጥምቀት ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ይሄ አልዋጥልህ አለኝ፣ ስለ መዳን የሚሉት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የውስጥ ብርሃን የሚሉት መጀመሪያ የሚያሳይህ የራስህን ጉድ ነው፣ ከዛ እሱን ሳትሸሽ ስትቀበለው ይለውጥሃል። ፎክስ "ሰው እስኪሞት ከኃጢአት አይላቀቅም" የሚሉትን ሰባኪዎች ይቃወም ነበር፣ ክርስቶስ ካዳነህ ኑሮህ ላይ መታየት አለበት ባይ ነው።

ኑሮ ማለት ደግሞ ሱቅም ነው፣ ነጋዴዎቻቸው ክርክር ትተው ለሁሉም አንድ ዋጋ ይናገሩ ነበር፣ ምክንያቱም ከፍ አድርጎ ጠርቶ መቀነስ ውሸት ነው።

እና የኔ ባለሱቅ? "ወንድሜ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ሳንቲም አልቀንስም" አለኝ፣ ከፈልኩ፣ ሳልወጣ አንዲት ሴትዮ መጥታ ያንኑ ቆርቆሮ "ለኔማ ትቀንሳለህ" አለችው፣ ቀነሰላት! ዞር ብዬ ሳየው ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔም ምንም ሳልል ወጣሁ፣ ይሄም የኔ ጉድ ነው መሰለኝ።

አጃው ከ5 4፣ ሱቁ 2። ቆርቆሮውን እማዬ ለበርበሬ ከአሁኑ ይዛዋለች።